ነፋስ እንዳይመታቸው

አበሻ ጅብ ቢመጣበት ዱላ ይዞ ይጠብቃል፤ የመኪና መስኮት ሲከፈት ግን ይርበተበታል። ናይሮቢ ስንት ዘመን ቢኖር ይህ አመል አይለቀውም። ሐኪሙ የጋሽ ሃብተጽዮንን ደረት መርምሮ፣ ልባቸው እንደደከመና ሳንባቸው ውሃ እንደቋጠረ በቀስታ አስረድቶ ነበር። ሚስታቸው እትዬ ኣለም ጨዋ ናቸውና እስኪጨርስ ድረስ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡት። ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ግን አብሯቸው ወደመጣው ሾፌር ወደ አወቀ ዞር ብለው፣ «ሐኪም ምን ያውቃል? ማታቱ ታክሲው ውስጥ ነው ነፋስ የመታው። ያ ጎረምሳ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፍቶበት!» አሉ።

«እኔም የጠረጠርኩት ይህንኑ ነው፣ እትዬ» አለ አወቀ። ከልቡ ነበር ያለው።

መሳቅ ቀላል ነው። እትዬ ኣለም ግን በነፋስ የመጣባቸውን አይተዋል። በስደቱ ጊዜ ወደ ሱዳን፣ ወደ ከሰላ ሲሻገሩ፣ የበኩር ልጃቸው ክፍት ጭነት መኪና ላይ ነፋስ ሲመታው አድሮ በደረት በሽታ ሞተባቸው። ከዚያ ወዲህ በእሳቸው ፊት መስኮት የሚከፍት ሰው ጠላት ነው።

አወቀም ለእነዚህ ሰዎች ባዳ አይደለም። ገና ልጅ ሳለ በአሰብ መንገድ ላይ የጋሽ ሃብተጽዮን ተሳቢ መኪና ረዳት ነበር። መንዳት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ በጥፊም በፍቅርም። እሳቸው ኤርትራዊ፣ እሱ የጎጃም ልጅ፤ አገር ሲከፈል እነሱ ሳይከፈሉ ቀሩና በየራሳቸው መንገድ ተሰደው ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ተገናኙ። አወቀ ዛሬ ራሱ ፀጉሩ ሸብቷል፤ እስካሁን ግን እሳቸው ፊት እግሩን አነባብሮ አይቀመጥም።

ለጋሽ ሃብተጽዮን የቀረችላቸው ልጅ አንዲት ናት፤ ኤሊልታ። ሰው ሁሉ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ በስተርጅና የመጣች የስለት ልጅ። እሷ በጥር ልትዳር ቀኑ ተቆርጦ፣ ካርዱ ተበትኖ፣ አባቷ ሆስፒታል ገቡ። ሠርጉ ይተላለፍ ሲባል «በኔ ምክንያት የልጄ ቀን አይነካም» ብለው ተቆጡ። ኤሊልታም «እንግዲያው ቬሎዬን ለብሼ ሆስፒታል ልምጣና መርቀኝ» አለች። ያንንም እንቢ አሉ። «ልጄን ከሽንት ዕቃ አጠገብ አልመርቅም! አባት የሚመርቀው ልጅ ጉልበቱን ስማ፣ ዘመድ ቆሞ አሜን ሲል ነው።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሽማግሌ አባትም መጨመር ነበረበት።

ሐኪሙ በመጨረሻ ተሸንፎ ለግማሽ ቀን ፈቀደ፤ ጋደም እንዳሉ ሄደው፣ ጋደም እንዳሉ እንዲመለሱ። አምቡላንስ ይምጣ ሲባል እትዬ ኣለም አማተቡ። «ለሠርግ በአምቡላንስ? ሟርተኛ ሁላ!» በታክሲ ተቀምጦ መሄድ ደግሞ አይሆንም፤ ቁጭ ሲሉ ትንፋሻቸው ያጥራል። ያን ጊዜ ነው አወቀ ማንም ሳይጠይቀው «የኔ መኪና አልጋ አላት አይደል?» ያለው።

መኪናዋ እውነትም አልጋ ነበራት። አወቀ ሩንዳ ሰፈር ውስጥ ይነዳላቸው የነበሩ ፈረንጆች አገራቸው ሲገቡ ትተውለት የሄዱት፣ ውስጧ እንደ ቤት የተሠራ አሮጌ ቫን ናት። አልጋ አላት፤ ትንሽ ምድጃ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የሚነሳ ጣራ አላት። የሠሯት የበረዶ አገር ሰዎች ስለሆኑ አልጋው ሥር ሳይቀር የማሞቂያ ቀዳዳ አድርገውላታል። ጣራዋ በዝናብ ጊዜ ሲያፈስ አወቀ በሲሊኮን ደፈነው፤ የኋላ መስኮቶቿም አቧራ እንዳያስገቡ አብረው ተደፈኑ። የሚከፈቱት የፊቶቹ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ኤሲዋ ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ቁልፉ አለ፣ መብራቱ ይበራል፣ ቅዝቃዜ የለም። ካረጁ አይበጁ ነውና ለጉብኝት ይከራዩዋት የነበሩ ቱሪስቶችም ከተዉአት ቆይተዋል። አወቀ ግን ሚስት የለውም፤ እሁድ እሁድ እሷን ሲያጥብ ይውላል።

በሠርጉ ሳምንት ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ያለ አንድ ፈንዲ፣ መካኒክ፣ ዘንድ ወስዶ ለኤሲው ጋዝ አስሞላላት። ቀዝቃዛው አየር ሲመጣ አወቀ ፊቱን አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ብቻውን ሳቀ። ጋሼን እንደ ሚኒስትር አቀዝቅዞ ወደ ሠርጉ ሊወስዳቸው ነው። ፈንዲው ግን እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ምዜ፣ አባባ፣ የራዲያተሩ ማራገቢያ ጉልበት የለውም። መኪናዋ ስትሮጥ የመንገዱ አየር ያግዘዋል፤ መንገድ ተዘግቶ ጃም ውስጥ ከቆመች ግን ሞተሩ ይቀቀላል። አሁኑኑ እንቀይረው» አለው።

«ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፣ ከሠርጉ በኋላ» አለ አወቀ። ቅዳሜ ምን ጃም አለ ብሎ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ዕድሜውን የነዳ ሰው እንዲህ ማለቱ ይገርማል፤ ደስታ ግን ዓይን ይጋርዳል።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ጋሽ ሃብተጽዮንን ከሆስፒታሉ በር በተሽከርካሪ ወንበር አምጥተው አልጋው ላይ አጋደሟቸው። ጥቁር ሱፋቸውን ከነክራቫታቸው ለብሰዋል። እትዬ ኣለም በዚያ ላይ ጋቢ ደረቡባቸው፤ በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ፣ ራሳቸው ላይ የሱፍ ቆብ፣ አንገታቸው ላይ ሻርፕ። ዓይንና አፍንጫቸው ብቻ ቀረ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ወደ ፊት አሰገጉ።

«አወቀ፣ መስኮቶቹን ዝጋቸው።»

«ዘግቻለሁ፣ እትዬ።»

«እስከ ላይ?»

«እስከ ላይ።»

ኤሲውን ሲያበራ ጠብ ተነሳ። «ይሄ ምንድነው የሚነፍሰው? ልትገድለው ነው?» አሉ እትዬ ኣለም። ጋሽ ሃብተጽዮን ከጋቢው ውስጥ «ተይው ኣለም፤ ልጁ ለኔ ብሎ ነው ያሠራው። ደስ ይላል» አሉ። በስንት ክርክር ኤሲው ዝቅ ብሎ፣ አፉም ወደ ጣራው ዞሮ እንዲነፍስ ስምምነት ተደረሰ። በላንጋታ መንገድ ወጥተው በምባጋቲ በኩል ሽው አሉ። ጋሽ ሃብተጽዮን ፊታቸው ፈክቶ ነበር። አወቀ ማርሽ በቀየረ ቁጥር፣ «ቀስ በል! ሠርግ ነው የምትወስደኝ ወይስ ወደቡ ሊዘጋብህ ነው?» እያሉ ይተርቡታል። አወቀም እንደ ረዳትነቱ ዘመን ይስቃል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ንጎንግ መንገድ ላይ ሲደርሱ መንገዱ ቆሟል። የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ግማሹን አስፋልት ቆፍረውታል፤ ማታቱው፣ የሞተር ሳይክል ታክሲው ቦዳቦዳ፣ የጭነት መኪናው ተጠላልፎ የሚሰማው ጥሩምባ ብቻ ነው። የጥር ፀሐይ ጣራው ላይ ተቀምጣለች። ወደ ኋላ መመለስ አይቻል፤ ኋላም ተዘግቷል። በመጀመሪያ የኤሲው አየር ለብ አለ። ቀጥሎ የሙቀት መለኪያው ቀስት መውጣት ጀመረች። አወቀ ኤሲውን አጥፍቶ ጆሮውን ቀሰረ። የማራገቢያው ድምፅ ጨርሶ የለም። 

ስልኩ ጠራ። ኤሊልታ ናት፣ በቪዲዮ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ላቪንግተን፣ ድግሱ ያለበት የሙሽራው አጎት ግቢ ደርሳለች።

«አንክል፣ ምኮ ዋፒ? የት ደረሳችሁ? ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነው። ሽማግሌዎቹ ባባ ሳይመርቅ ምግብ አይነሳም ብለዋል።»

«ጃም ነው፣ እናቴ። ንጎንግ መንገድ ላይ ነን።»

«ባባን ስጠኝ።»

አወቀ ስልኩን ወደ ኋላ አቀበለ። ጋሽ ሃብተጽዮን ልጃቸውን በነጭ ልብስ ሲያዩ እንባቸው መጣ።

«አምሮብሻል» አሉ።

«ባባ፣ ፊትህ ቀልቷል። አር ዩ ኦኬ? ስማኝ፣ አሁን በስልኩ መርቀኝ። ስፒከር ላይ አደርገዋለሁ፣ ሁሉም አሜን ይላል። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተመለስ፣ ፕሊዝ።»

አወቀ፣ እሺ በሏት፣ ጋሼ፣ እሺ በሏት እያለ በልቡ ለመነ። ጋሽ ሃብተጽዮን ግን ከትራሱ ቀና ለማለት ታገሉ። «በስልክ? ምርቃት እንደ ኤምፔሳ ገንዘብ ይላካል እንዴ? ጉልበቴን ትስሚያለሽ፤ እጄን ራስሽ ላይ እጭናለሁ። ምርቃት እንደዚያ ነው። ጠብቂኝ፣ እየመጣሁ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ቀስቷ ቀዩ አጠገብ ደርሳለች። ዳር ይዞ ሞተሩን እንዳያሳርፍ ዳር የለም፤ አንዴ ከጠፋም ሊነሳም ላይነሳም ይችላል። ጋሽ ሃብተጽዮን ዕድሜያቸውን ሞተር ሲያዳምጡ የኖሩ ናቸውና ማንም ሳይነግራቸው «ሞቀች?» አሉ።

«ትንሽ፣ ጋሼ።»

«አትዋሸኝ። የት ላይ ናት?»

«ቀዩ አጠገብ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ማሞቂያውን ክፈተዋ! የባቲን ዳገት በምን የወጣን መሰለህ?»

እውነታቸውን ነው፤ አሮጌ ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው። ራዲያተሩ ሲያቅተው የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ትከፍታለህ። ሞተሩ ትኩሳቱን ወደ ተሳፋሪው ይተፋና ይድናል። ባቲ ላይ ግን መስኮቱ በሁለቱም በኩል ክፍት ነበር፤ እሳቸውም ጎልማሳ ነበሩ። ይህ አወቀን በአእምሮው ውል አለው።

«ጋሼ፣ ሙቀቱ ይጎዳዎታል።»

«እኔን? የአሰብን ሰው? መኪናዋ ከቆመች እዚህ አስፋልት ላይ በጀርባህ ልታዝለኝ ነው? ልጄ ቆማ እየጠበቀችኝ?»

«እትዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ሙቀት ማንን ገደለ?» አሉ እትዬ ኣለም። «የሚገድለው ነፋስ ነው። ክፈተው።»

ከፈተው። ከአልጋው ሥርም ከፊትም የሚጋረፍ አየር ተንደቀደቀ። ቀስቷ ቆመች፤ ከዚያ በጥቂቱ ወረደች። ሞተሩ ተረፈ፤ ውስጡ ግን ሰው የሚቀመጥበት አልሆነም። የአወቀ ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ መሪው እጁን አዳለጠው። ሳያስበው የራሱን መስኮት ትንሽ ዝቅ አደረገው። የውጭው አየር ጉንጩን ሲነካው ነፍሱ መለስ አለች።

«አወቀ!» ብለው ጮኹ እትዬ ኣለም። «እንዲህ ላብ ያጠመቀውን ሰው በነፋስ ልታስመታው? አንዱን የቀበርኩት አይበቃኝም? ዝጋ! ዝጋ አልኩህ!»

እዚህ ላይ እንቢ ቢል ኖሮ ምን ይመጣበት ነበር? ይሰድቡት ነበር፤ ይራገሙት ነበር፤ እስከ ፋሲካ ያኮርፉት ነበር። ያ ሁሉ ምን አለበት? ከዚያ ወዲህ አወቀ ዘወትር የሚመላለስባት ቅጽበት ይህቺ ናት። ግን ክፋቱ፣ እሱ ራሱም ፈርቷል። ላብ ላይ ነፋስ ሲመታ አፍ ይጣመማል፣ ደረት ይቆስላል፤ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ዕውቀት ነው። ዘጋው። እስከ ላይ ዘጋው።

በቆሙት መኪኖች መሃል ቀዝቃዛ ውሃ የምትሸጥ አንዲት ሴት መጣችና ጠርሙሷን መስታወቱ ላይ አንኳኳች። አወቀ አልፈልግም ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ እጇን ግንባሯ ላይ ከልላ ወደ ውስጥ አየች። ተጠቅልለው የተኙትን ሽማግሌ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «መስኮቱን ክፈቱለት እንጂ!» እያለች በስዋሂሊ ትጮህ ጀመር። «ሽማግሌው ታፈነ! ክፈቱለት!» እትዬ ኣለም ከኋላ በእጃቸው ሂጂ አሏት። ሴትዮዋ ከመኪናዋ ጎን ጎን ትንሽ ከተራመደች በኋላ ራሷን እየነቀነቀች ቀረች። አወቀ አፍሮ ወደ ፊት ተመለከተ።

መኪኖቹ ጥቂት ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲያይ እትዬ ኣለም የባላቸውን ግንባር በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። «ይውጣ፣ ይውጣ፤ በሽታው በላብ ነው የሚወጣው» ይላሉ። ጋሽ ሃብተጽዮን መጀመሪያ ላይ መንገዱን የቆፈሩትን ይሰድቡ ነበር። ከዚያ ውሃ ጠየቁ። ሐኪሙ ውሃ አታብዙለት ብሎ ነበርና እትዬ ኣለም ከንፈራቸውን ብቻ አራሱላቸው። ከዚያ ስለ አንድ የጠፋ በሬ በትግርኛ አጉተመተሙ። «ሕልም እያየ ነው» አሉ እትዬ ኣለም።

ቫሌይ አርኬድ የገበያ ማዕከል አጠገብ ሲደርሱ ከኋላ ደስ ያለው ድምፅ መጣ። «ተመስገን! አወቀ፣ ላቡ ቆመለት! ገላው ደረቅ ብሏል። ወጣለት ማለት ነው!»

«ተመስገን» አለ አወቀም።  ዛሬ ያቺን ተመስገን ሲያስታውሳት ምላሱን መቁረጥ ያምረዋል። የሰው ገላም እንደ ራዲያተር ነው፤ ውሃው ሲያልቅ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው ራሱ ነው። ስለ ሞተር ቢሆን ይህን አወቀ ተኝቶም ይመልሰው ነበር።

ጊታንጋ መንገድ ላይ መንገዱ ተከፈተ። መኪናዋ መሮጥ ስትጀምር ቀስቷ ወርዳ መሃል ላይ ተኛች። አወቀ ማሞቂያውን ዘጋና ዳሽቦርዷን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ፣ አላሳፈርሽኝም» አላት። «ጋሼ፣ ደረስን!» ብሎም ጮኸ። መልስ አልመጣም። እንቅልፍ ወስዷቸዋል ብሎ አሰበ።

የግቢው በር ላይ እልልታ ተቀበላቸው። ሽማግሌዎቹ፣ ሚዜዎቹ፣ የሳውዝ ሲ ሰው ሁሉ ከድንኳኑ ወጥቶ እስከ መኪናዋ ድረስ ተሰለፈ። አወቀ ወርዶ የጎን በሩን ሳበው። የወጣው ሙቀት ፊቱን ሲመታው ወደ ኋላ ተንገዳገደ።

እትዬ ኣለም የባላቸውን ጀርባ በትራስ ደግፈው እግራቸውን ወደ በሩ አዞሩላቸው። የጋሽ ሃብተጽዮን ዓይን ክፍት ነው። ፊታቸው በርበሬ መስሏል፤ ከቆቡ ሥር አንዲት ጠብታ ላብ የለም። አወቀ እጃቸውን ሲይዘው ፈጀው። ያን ጊዜ ገባው። ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባው። ሻርፑን ይፈታ፣ ጋቢውን ይገፍ ጀመር፤ እትዬ ኣለም ግን «ምን ታደርጋለህ፣ በር ላይ ነው እኮ፣ ነፋስ!» እያሉ መልሰው ይሸፍናሉ።

«ውሃ አምጡ!» ብሎ ጮኸ። እልልታው ድምፁን ዋጠው።

ኤሊልታ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ሰውን ገፋ ገፋ አድርጋ ደረሰችና የመኪናዋ ደፍ ሥር ተንበረከከች። «ባባ፣ መጣህልኝ» አለች። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ከኋላዋ ያለው ሕዝብ ፀጥ አለ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሁሉም መዳፉን ዘረጋ።

ጋሽ ሃብተጽዮን ወደ ታች ተመለከቷት። ነጩን ልብስ አዩ፣ አበባውን አዩ፣ ፊቷን አዩ። አወቀ በሕይወቱ እንደዚያች ጊዜ ጸልዮ አያውቅም። አንዲት ቃል፣ ጌታ ሆይ፣ አንዲት ቃል ብቻ።

«ይቺ ልጅ» አሉ በተሰነጠቀ ድምፅ፣ እንግዳ ሰው በሚያናግሩበት ትሕትና፣ «የማን ልጅ ናት?»

የሰሙት እናቷ፣ አወቀና እሷ ብቻ ናቸው። የእትዬ ኣለም እጅ ጋቢው ላይ ደርቆ ቀረ። ኤሊልታ ጀርባዋን ለሕዝቡ እንደሰጠች፣ የሚፋጀውን የአባቷን እጅ አንስታ በገዛ እጇ ራሷ ላይ ጫነችው። ድምፅዋንም ከፍ አድርጋ «አሜን» አለች።

«አሜን!» አለ ሕዝቡ ሁሉ።

«የማን ናት?» አሉ ጋሽ ሃብተጽዮን እንደገና፣ ዙሪያቸውን እየፈለጉ።

«አሜን» አለች ኤሊልታ። ሕዝቡም ተከተላት፤ እልልታው ቀለጠ።

«አንክል» አለች ሳትዞር፣ በቀስታ፣ «ዶክተር ፈልግልኝ።»

አወቀ በሕዝቡ መሃል ገብቶ ሮጠ። እየጮኸ ሐኪም ይጠራል፤ ማንም አይሰማውም። ያገኘው ሰው ሁሉ ክንዱን እየያዘ ጉንጩን ይስመዋል፤ «ተባረክ፣ አወቀ! ተባረክ፣ አደረስካቸው!» ይለዋል።